ጅምር ቤቴ ውስጥ አምስት አባወራ ይኖራል

ደብዳቤው (ትንሽ አሳጥሬዋለሁ)፦

«እንደምን ሰነበትሽ። የምጽፍልሽ ከሜሪላንድ ነው። ዕድሜዬ 46 ነው። ቀን አረጋውያን እየጦርኩ፣ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ እየሠራሁ ለቡ አካባቢ አንድ ቤት አስጀምሬ ነበር። ካርታው በስሜ ነው። ጂ ፕላስ ዋን ነው። ብሎኬቱ አልቋል፣ ጣራው ተመቷል፣ በርና መስኮት ግን የለውም። ብሩ ሲያልቅብኝ ቆመ። መሠረቱ ሲወጣ ጀምሮ፣ 12 ዓመት ሙሉ፣ አንድ ዘበኛ ይጠብቅልኛል። ደሞዙን በየወሩ እልካለሁ። ስደውል «ድመት እንኳ አይገባም» ይለኛል። ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ አናጢ ይዛ የበርና የመስኮት ልክ ልታስወስድ ሳትነግረው ሄደች። ግቢው ውስጥ ልብስ ተሰጥቷል። ላይ ፎቅ ዲሽ ተተክሏል። መስኮቱ በቆርቆሮና በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍኗል። አምስት አባወራ! ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ከደረጃው ሲወርዱ አየች። ላይ የምትኖረው ሴትዮ ‹ካቻምና ከፋሲካ በኋላ ነው የገባነው፣ ዘበኛው ቤቱ የእህቴ ነው ብሎ ነው ያከራየን› አለቻት። ወንድሜ ‹ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ጎረምሶች ይዤ በአንድ ሌሊት አስወጣቸዋለሁ› ይላል። እዚህ ያሉ የሥራ ጓደኞቼ ደግሞ 12 ዓመት የኖረበት ሰው ይወርሰዋል ብለው አስፈራሩኝ። እንቅልፍ የለኝም። ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን ዘበኛው ነው። እናቴ ስታርፍ ድንኳን የተከለው እሱ ነበር። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ደረጃው ልጠይቅሽ። ጅምር ቤት ስለሆነ መደገፊያው አልተሠራም፣ አይደል? የላይኛው በረንዳስ መከታ አለው? ሴፕቲክ ታንኩስ ክዳን አለው?

ይህን የምጠይቅሽ ጭንቀትሽ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ዓይኔ ላይ የቀሩት ግን ዩኒፎርም ለብሰው ከዚያ ደረጃ የሚወርዱት ልጆች ናቸው። መብራት በጠፋ ማታም ይወርዱበታል። ሕጉም ቢሆን ነገሩን ቀላል አድርጎ አያየውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ቁጥር 2077 ላይ፣ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ባለቤቱ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችል ጉዳት ቢሆን እንኳ። «ሳላውቅ ነው የገቡት» ብለሽ ትከራከሪ ይሆናል። ልጅ ከወደቀ በኋላ ግን ያ ክርክር ለማንም አይጠቅምም።

ስለዚህ የአክስትሽ ልጅ ያንኑ አናጢ ይዛ በዚህ ሳምንት ትመለስ። ለበሩ ካሰብሽው ብር ትንሽ ይቀነስ። ደረጃው ዳር ዳሩን ሳንቃ ይመታበት። በረንዳው ይታጠር። ታንኩ ይከደን። ሥራው ሲያልቅ ፎቶ ታንሳው፣ አናጢውም ባንቺ ስም ደረሰኝ ይስጥ። ይህን ማድረግ መብትን አሳልፎ መስጠት እንዳይመስልሽ። ቤቱን የሚያስጠግነው ባለቤቱ ነው። ጎረቤቱም፣ ውስጥ ያሉትም ባለቤቷ ማን እንደሆነች በዚያው ያያሉ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ እንምጣ። ዘበኛው ቤትሽን አይወርሰውም። ተከራዮቹም አይወርሱትም።

«12 ዓመት የኖረ ይወርሳል» የሚል ሕግ የለንም። ሰው እያምታታ የሚያወራው ቁጥር 1168ን ነው። እሱም የሚለው የማይንቀሳቀስ ንብረት በእጁ አድርጎ፣ በባለቤትነት የሚከፈለውን ግብር 15 ዓመት በተከታታይ የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ነው። ልብ በይ፣ መኖር ብቻ አይበቃም። ግብሩ አለ፣ 15ቱ ዓመት አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ዘበኛ ባንቺ ስም የቆመ ሰው ነው። እሱ ሲጠብቀው አንቺ እንደያዝሽው ነው የሚቆጠረው። ደሞዝ የላክሽበት እያንዳንዱ ወረቀት ይህንኑ ይመሰክርልሻል። የሐዋላ ደረሰኞችሽን ከየሻንጣው አውጪና በዓመት በዓመቱ ደርድሪ። ካርታው ባንቺ ስም መሆኑ ደግሞ ትልቁ ነገር ነው። ቁጥር 1195 የአስተዳደር ክፍል የባለቤትነት ወረቀት የሰጠውን ሰው እንደ ባለቤት ይቆጥረዋል። «አይደለችም» የሚል ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የቤቱንና የቦታውን ግብር ባለፉት ዓመታት ማን ነው የከፈለው? ብዙ ውጭ አገር ያሉ እህቶቻችን «ክፈልልኝ» ብለው ለዘበኛው ይልኩለታል። ደረሰኙን አይጠይቁም። እሱ ከፍሎ ይሁን አይሁን፣ በማን ስም ይሁን፣ ሳያውቁ ዓመት ያልፋል። ወረዳው ጋ ተጠይቆ ሙሉው ይጣራ። አዲስ አበባ ውስጥ በ2015 ዓ.ም. የጣራና ግድግዳ ግብር ተሻሽሎ መጨመሩን ሰምተሽ ይሆናል። ውዝፍ ካለብሽ ባንቺ ስም ይከፈል። ቦታውን በሊዝ ይዘሽው ከሆነም የግንባታ ማጠናቀቂያ ጊዜው መቼ እንደሆነ ውልሽን አንብቢ። ለሊዝ ቦታ ቤቱ ቆሞ መቅረቱ ራሱ ችግር ያመጣል። ዜግነት ቀይረሽ ከሆነም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያሽ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ መታደሱን እዪ።

የሥራ ጓደኞችሽን አትውቀሻቸው። እነሱ የሚሰሙት ያገራቸውን ዜና ነው። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2024 ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ የገባን ሰው ሸሪፍ ቶሎ እንዲያስወጣው የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ኒውዮርክም በዚያው ዓመት እንዲህ ያለው ሰው ተከራይ ተብሎ እንዳይቆጠር ሕጓን አስተካከለች። በምትኖሪበት በሜሪላንድ ደግሞ የሰው መሬት ይዞ ለመውረስ 20 ዓመት ይጠይቃል። አገሩ እንደዚህ በየግዛቱ ይለያያል። ለቡ ላለው ቤት የሚሠራው ግን የኛው ሕግ ብቻ ነው።

በኛው ሕግ አንቺን የሚያጣድፍሽ ሌላ ቁጥር አለ። ከ15 ዓመቱ ይልቅ እሱን ፍሪ። ቁጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው «ይመለስልኝ፣ ሁከቱ ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል ይላል። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ሁለቱ ዓመት የሚቆጠረው ነገሩ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ነው። አንቺ የሰማሽበትን ቀን አይደለም የሚለው። ላይ ያለችው ሴት ካቻምና ከፋሲካ በኋላ ገባን ብላለች። እንግዲህ ዘንድሮ ፋሲካ ሲያልፍ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? የሁከት ይወገድልኝ ክስ ቀለል ያለ ነው። ዳኛው የሚያየው ማን ይዞት ነበር፣ ማን ገባበት የሚለውን ነው። ሁለቱ ዓመት ካለፈ መብትሽ ይጠፋል ማለት አይደለም። በቁጥር 1206 መሠረት ባለቤትነትን ይዞ የሚቀርብ የመፋለም ክስ አለ። እሱ ግን ከባለቤትነት ማስረጃ የሚጀምር ሌላ ሙግት ነው። ቀላሉ መንገድ ሳይዘጋ ተጠቀሚበት። ሌሎቹ አባወራዎች ከሷ በኋላ ገብተው ከሆነ ለእነሱ ጊዜ ይኖርሻል። ለሷ ግን የለሽም።

ወንድምሽን በተመለከተ። ተቆርቁሮልሽ ነው፣ ይገባኛል። የጠቀሰው ተረትም እውነትነት አለው። ቤትሽ ባለቤት የሌለው መስሎ ስለቆየ ነው የተደፈረው። ግን በሌሊት ጎረምሳ ይዞ መግባት ያንቺን ባለቤትነት አያሳይም። ሕጉ ራሱ በዚህ ላይ ይናገራል። ቁጥር 1148 ንብረቱ በኃይል ወይም በድብቅ የተወሰደበት ሰው ወዲያውኑ በኃይል ማስመለስ ይችላል ይላል። ቃሉ «ወዲያውኑ» ነው። ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲያዝ፣ ወይም እየሮጠ ሲባረር ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ከመጠን ያለፈ ጉልበት አይፈቀድም። ሁለት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ነገር ደግሞ «ወዲያውኑ» አይደለም። እነዚያ ጎረምሶች አንድ ሰው ቢፈነክቱ፣ አንድ ብረት ድስት ቢጠፋ፣ ከሳሽ የነበርሽው ሴት ተከሳሽ ትሆኛለሽ። ወንድምሽም ጣቢያ ያድራል። ውሃና መብራት መቁረጥም እንደዚያው ነው። አታድርጉት። ሕፃናት ናቸው ያሉት።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ።

23 ዓመቴ ነበር። ከታናሽ እህቴ ጋር ጎፋ አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራየን። ደላላ ነው ያገናኘን። አከራይ ነኝ ያለው ሰውዬ ትሁት ነበር። የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈልን። እህቴ መጋረጃ ሰፋች። በአራተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አንዲት ነጠላ ያደገደጉ እናት ቆመዋል። ከናዝሬት ነው የመጡት። ቤቱ የሳቸው ነው። ያ ትሁት ሰውዬ ግቢውን እንዲጠብቅላቸው የተዉት ሰው ነበር። እኔ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ይጮሁብናል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው አልጋችንን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ ከዚያ «ልጆቼ፣ ብሩን ለማን ነው የሰጣችሁት?» አሉን።

ያንን ጥያቄ እስከዛሬ አልረሳውም። «እናንተ ሌቦች» ቢሉን ኖሮ እኛም እንደ ሌባ እንሸሽ ነበር። ሁሉንም ነገርናቸው። መቼ እንደገባን፣ ስንት እንደከፈልን፣ ማን እንዳገናኘን። ሦስት ሳምንት ጊዜ ሰጡን። ቀበሌ ሲጠሩን እኔና እህቴ ሄደን መሰከርንላቸው። ጉዳያቸው ያለቀው በኛ ምስክርነት ነው።

ስለዚህ ለቡ ያሉትን አምስት አባወራዎች ጠላትሽ አድርገሽ አትጀምሪ። እነሱ በድብቅ የገቡ አልመሰላቸውም። ለቤቷ ባለቤት ወንድም ኪራይ እየከፈሉ ነው ብለው ነው የሚያድሩት። ድብቁ ላንቺ ብቻ ነበር። የአክስትሽ ልጅ ሄዳ መጀመሪያ የምትጠይቀው ያንኑ ይሁን። ለማን ነው የምትከፍሉት? ስንት? ከመቼ ጀምሮ? በምን? አሁን ሰው በቴሌብር ነው የሚከፍለው። ወይም በባንክ ነው። በየስልካቸው የክፍያው ታሪክ አለ። ቀኑ፣ ብሩ፣ የተቀባዩ ስም። ያ ላንቺ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። ሰላም ከፈጠርሽ ያሳዩሻል። ካስፈራራሻቸው ግን አንዳቸውም ስልካቸውን አይሰጡሽም።

ዕድሩንም አነጋግሩ። የአካባቢው ዕድር ማን መቼ እንደገባ ከማንም በላይ ያውቃል። ዘበኛው በቤቱ ቁጥር የዕድር አባል ሆኖ ሊሆን ይችላል። እሱ ምንም ማለት አይደለም፣ ግን ማወቁ ጥሩ ነው። ወረዳም ሄዳችሁ በዚያ የቤት ቁጥር የነዋሪነት መታወቂያ ያወጣ ሰው ካለ ጠይቁ። ጎረቤቶችሽ ለምን አልነገሩኝም ብለሽ መናደድሽ አይቀርም። እነሱም «የዘበኛው ዘመዶች ናቸው» ተብለው ይሆናል። ስልክሽንም የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።

አሁን በጣም የምለምንሽ ነገር። ከእነዚህ ሰዎች አንድም ብር ኪራይ እንዳትቀበዪ። ብዙ ሰው «እስኪወጡ ድረስ ቢያንስ ለኔ ይክፈሉ» ይላል። ደግ ሐሳብ ይመስላል። ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ አለ። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል። በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራይም በፈለገበት ቀን ተከራይ አያስወጣም። ዛሬ ሰዎቹ ውል የገቡት ካንቺ ጋር አይደለም። የማከራየት ሥልጣን ከሌለው ሰው ጋር ነው። ኪራያቸውን በእጅሽ የተቀበልሽ ዕለት ግን «ባለቤቷ ተቀብላናለች» ይላሉ፣ አይፈረድባቸውም። ያኔ ሙግቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ለዘበኛውም መክፈላቸውን ያቁሙ። ይህንን ስትነግሪያቸው ፊታቸው እንደሚበራ አትጠራጠሪ። ያ ብር መውጫቸው ይሆናል። አዲስ ቤት ለመከራየት ቅድሚያ ክፍያ ያስፈልጋቸዋል። አዋጁ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ቢያዝም ሁለት ወር ለነሱ ቀላል አይደለም። አሁን ካቆሙ እስከ ሰኔ ያጠራቅማሉ።

ሰኔ ያልኩት ለትምህርት ቤቱ ነው። እኔ አንቺን ብሆን ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጃለሁ። ቤቱ ያንቺ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ የገቡት ባንቺ ፈቃድ እንዳልሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ ለማን ስንት እንደከፈሉ፣ እስከ ሰኔ 30 እንደሚወጡ ይጻፍበት። በሁለት ምስክር ፊት ይፈርሙ። ወረቀቱን ጠበቃ ይጻፈው። ክስ ከከፈትሽ በኋላም ስምምነቱን ፍርድ ቤቱ እንዲያጸድቀው ማቅረብ ትችላላችሁ፣ ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በላይኛዋ ሴት ላይ የማደርገው እሱን ነው። ቀኑ እንዳያልፍብሽ ክሱ ከፋሲካ በፊት ይግባ። እሷ ግን በድንገት መጥሪያ እንዳይደርሳት አስቀድመሽ ደውለሽ ለምን እንደሆነ አስረጂያት። «ልጆችሽ ትምህርት እስኪጨርሱ አላስወጣሽም፣ ይህ ግን በወረቀት መሆን አለበት» በያት። የማይፈርም ካለ ክሱ በሱ ላይ ይቀጥላል። እዚያ ላይ ደግሞ አትለሳለሺ። ቤቱ ያንቺ ነው፣ በላብሽ ነው የቆመው።

አንዱን አባወራ ማስቀረት ብትፈልጊስ? ይቻላል። በርና መስኮቱ ከገባ፣ ደረጃው ከተሠራ በኋላ ምድር ቤቱን በሕጋዊ ውል ማከራየት ትችያለሽ። ውሉ ይመዝገብ፣ የኪራይ ገቢ ግብሩም ይከፈል። እውነቱን ያለ ፍርሃት የነገረችሽ ሴት መጥፎ ተከራይ አትሆንም ብዬ አስባለሁ። ግን መጀመሪያ የድሮው ነገር ይዘጋ። የድሮውንና አዲሱን አታደባልቂ።

ወረቀት ወረቀት አልኩሽ፣ አንቺ ያለሽው ግን ሜሪላንድ ነው። ኤምባሲው ዋሽንግተን ስለሆነ ላንቺ ቅርብ ነው። ውክልና እዚያ ሰጥተሽ ትልኪያለሽ። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይሄዳል። ጠቅላላ ውክልና ብቻ አይበቃሽም። ቁጥር 2205 ለመክሰስና ለመታረቅ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ «ስለ ይዞታው እንድትከስ፣ እንድትስማማ» የሚለው ተለይቶ ይጻፍ። «ቤቱን እንድትሸጥ፣ በዋስትና እንድታስይዝ» የሚሉ ቃላት ካሉበት አስወጪ። ከተዘጋጀ ቅጽ ላይ ሳናነበው የምንፈርመው ብዙ ነው። ውክልናውን ለወንድምሽ አትስጪ። እወድደዋለሁ በይው፣ ግን አትስጪው፣ አሁን ደሙ ፈልቷል። የአክስትሽ ልጅ ዓይኗ ንቁ ነው፣ አፏም ቁጥብ ይመስላል። ለሷ ስጫት። ፍርድ ቤት ቆሞ ለሚከራከረው ጠበቃ ይያዝ።

አሁን ስለ ዘበኛው።

ለእናትሽ ድንኳን የተከለው ሰውና «ድመት እንኳ አይገባም» ያለሽ ሰው አንድ ሰው ነው። ያስቸገረሽ እሱ ነው፣ አይደል? አንዱን ሐሰት ብትዪው ይቀልሽ ነበር። እኔ ግን ሁለቱም እውነት ናቸው ብዬ ነው የማስበው። ያኔ አዝኖልሻል። በኋላ ደግሞ ዋሽቶሻል።

አንድ የሚከብድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ደሞዙን ለመጨረሻ ጊዜ የጨመርሽለት መቼ ነው? በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም። በ12 ዓመት ውስጥ ጤፍ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ዘይቱንም ታውቂያለሽ። ይህን የምለው ላጸድቀው አይደለም። ቸገረኝ ብሎ መደወል ይችል ነበር። ስልክሽ ነበረው። አምስት አባወራ አታልሎ፣ መደገፊያ በሌለው ደረጃ ላይ ሕፃናት አስፍሮ፣ ካንቺም ከነሱም መቀበሉ በደል ነው። ግን ስታነጋግሪው የደሞዙን ነገር እሱ ሳያነሳው አንቺ ብታነሺው ጥሩ ነው። ልብሽም ይቀልሻል፣ እሱም የሚሸሸግበት አይኖረውም።

በስልክ አታነጋግሪው። ስልክ ላይ ምሎ ይገዘታል፣ አንቺም ታለቅሺያለሽ። ከዕድሩ ሁለት ሽማግሌዎች ይቀመጡ፣ የአክስትሽ ልጅም ትኑር። ማን መቼ ገባ፣ ስንት ተቀበለ፣ ብሩ የት ደረሰ። ዝርዝሩን ይናገር፣ ይጻፍ፣ ይፈርም። ከተከራዮቹ ወረቀት ጋር ይመሳከራል። ሕጉ እንዲህ ያለውን ገንዘብ ያለ አግባብ መበልጸግ ይለዋል፣ የማስመለስ መብት አለሽ። ያልተከፈለው ደሞዝ ካለ ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ቀን ይከፈለው፣ ደረሰኝ ይፈርም። ከዚያ ይውጣ። እዚህ ላይ አልመክርሽም፣ እለምንሻለሁ። «ይቅርታ ጠይቋል» ብለሽ እዚያው እንዳትተዪው። ይቅር ማለት ትችያለሽ። ቤቱን መልሰሽ ማስጠበቅ ግን ሌላ ነው።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። በሱ እውነተኛነት ላይ ነው የሚወሰነው። ዝርዝሩን ከሰጠ፣ በሰላም ከወጣ፣ የሚመልሰውን ለመመለስ ከተስማማ፣ እኔ በሽማግሌና በፍትሐ ብሔር ብትጨርሺው እመርጣለሁ። ውል ጽፎ ባንቺ ስም ፈርሞ ከሆነ ግን፣ ወይም ወኪሏ ነኝ የሚል ወረቀት አሠርቶ ከሆነ፣ አትዘግዪ፣ አመልክቺ። ወረቀቱ ሌላ ሰው እጅ ከገባ ነገ ቤቱ ተሽጦ ልታገኚው ትችያለሽ። ተከራዮቹን ስትጠይቁ «የጽሑፍ ውል ሰጥቷችኋል ወይ?» የሚለውን አትርሱ። ካለ ኮፒውን ውሰዱ።

ከሱ በኋላ ማን ይጠብቀው የሚለው ይመጣል። አዲሱ ሰው በጽሑፍ ይቀጠር። በውሉ ላይ እሱና ቤተሰቡ ብቻ እንደሚኖሩ ይጻፍ። ደሞዙ በየዓመቱ ይታይ። ጎረቤት ያለ አንድ ሰው ስልክሽን ይያዝ። የአክስትሽ ልጅ በወር አንዴ፣ ቀን ሳትናገር፣ ብቅ ትበል። አንቺም በቪዲዮ ስትደውዪ ማታ ደውዪ። ቀን የሚታየው አጥሩ ነው። ማታ ግን ስንት መስኮት ላይ መብራት እንዳለ ትቆጥሪያለሽ።

ፋሲካ ሩቅ አይደለምና ኤምባሲ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ። የላይኛዋን ሴት ስልክ ከአክስትሽ ልጅ ተቀበዪና ራስሽ ደውዪላት። ስሟን ጠይቂያት፣ የልጆቿንም ስም ጠይቂ። አናጢው ሐሙስ ወይ ዓርብ እንደሚመጣ፣ ደረጃው እስኪታጠር ድረስ ልጆቹን ይዛ እንድትወርድ ንገሪያት። ሳንቃው የተመታ ዕለት አንድ መስመር ጻፊልኝ።